የለቅሶውን ሙዚቃ እናቴ ቤት ስሞክረው



ዛሬ ቡሬ፣ እናቴ ቤት ነኝ። እሷ ገበያ ስትወጣ፣ ለአዲሱ የቴሌቪዥን ድራማ የለቅሶ ትዕይንት የሠራሁትን ሙዚቃ በትልቁ ስፒከር ከፈትኩት። ሙዚቃው ውስጥ የገባው የሙሾ አውራጅ ድምፅ ሰፈሩን አዳረሰው።

ወዲያው ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እየጮኹ ግቢውን ሞሉት። ለስንት ፊልም ሙዚቃ ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አድማጭ ግን ገጥሞኝ አያውቅም!

አጥፍቼው ይቅርታ ስጠይቅ እናቴ ከተፍ አለች። ቤት ትታ የሄደችው እኔን ብቻ ነበር። ሰዉን ስታይ ዘንቢሏን ጥላ "ልጄን!" ብላ ተዘረረች።

ሮጬ አቀፍኳትና ሰዉን የሰበሰበው የእኔ ሙዚቃ መሆኑን ነገርኳት። ፊቴን ደጋግማ ዳሰሰችና "ጥሩ ሠርተኸዋል ልጄ፤ ይኼንንስ ለእኔ ለቅሶ አስቀምጠው" አለችኝ።

ሙዚቃውን ዛሬ ማስረከብ ነበረብኝ። መልሼ መክፈት አቃተኝ።

ሥራችሁ እናታችሁን አስደንግጦባችሁ ያውቃል? እስኪ ጻፉልኝ። እሷ ጋደም ብላለች፤ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን እያዳመጥኩ ነው።