ጫፉ የተቆረጠ ጨርቅ

የምሠራበት ፋብሪካ የውኃ ማጣሪያ ጨርቅ ያመርታል። የሟሟ ፕላስቲክ በኃይለኛ ኤሌክትሪክ እየተሳበ ከፀጉር በብዙ የቀጠነ ክር ይሆንና፣ በሚሄድ ሸራ ላይ እንደ ሸረሪት ድር እየተነባበረ ስስ ነጭ ጨርቅ ሆኖ ይወጣል። ደኅና ሲሠራ ድንቅ ነገር ነው። ትእዛዝ ሲበዛ ግን አለቆቹ ማሽኑን ያስሮጡታል፤ ያኔ ጨርቁ ይሳሳል፣ ይበሳሳል። የእኔ ሥራ መብራት ላይ ዘርግቶ ማየት ነው። ቀዳዳ ያለበትን ጨርቅ፣ የማይረባ መሆኑ እንዲታወቅ ጫፉን በመቀስ ቆርጬ ለብቻው እጥለዋለሁ። ይቃጠላል ነበር የተባልነው።

ለፋሲካ ከሰቆጣ ወደ ቆላው ወርጄ ዝቋላ ገጠር አባቴ ቤት ስገባ፣ የእህቴ ልጅ ሆዷን ታማ ተኝታለች። እንስራው አፍ ላይ ያ ነጭ ጨርቅ ታስሯል። ጠጋ ብዬ ሳየው ጫፉ ተቆርጧል። ደሜ ፈላ።

አባቴ የደብሩ ቄስ ናቸው። ከየት እንደመጣ ጠየቅኋቸው።

«በእርዳታ ነው» አሉኝ ደስ እያላቸው። «ሰዉ መጀመሪያ ፈርቶት ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ፣ አትፍሩ፣ የልጄ ምልክት አለበት አልኋቸው። ጫፉን የምቆርጠው እኔ ነኝ ብለሽኝ የለ?»

እውነት ነው፣ በስልክ ስለ ሥራዬ ሲጠይቁኝ ብያቸዋለሁ። እኛ ዘንድ የፍየል ጆሮ ጫፉ የሚቆረጠው ባለቤቷ እንዲታወቅ ነው። እሳቸውም የገባቸው እንደዚያው ነው። ምን ያጥፉ? ያጠፋስ ቀዳዳውን እያየ ጭኖ የላከው ነው። የፋብሪካችን መጋዘን ኃላፊ ዘንድ ደወልኩ።

«ለገጠር እኮ ነው» አለኝ፣ ሳያፍር።

ለገጠር! እኔስ ከየት የመጣሁ መስሎት ነው? የገጠር ልጅ አንጀቷ ከብረት ነው እንዴ? ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ጨርቁን ከእንስራው ላይ ፈትቼ ውኃው እንዲፈላ ካደረግሁ በኋላ ለአባቴ እውነቱን ነገርኳቸው። ሰዉ ጨርቁን የወሰደው የእሳቸውን ቃል አምኖ ነው። ከዚያ ጋቢያቸውን ደርበው ተነሡ፤ ቤት ለቤት እየዞርን ልንሰበስብ ወጣን። በየደጁ አጥፍቻለሁ እያሉ ይቅርታ ሲጠይቁ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ያን ሰውዬ እረግማለሁ።

ትናንሽ ልጆች ያሏት አንዲት ጎረቤታችን ሁሉንም አዳመጠችን። ጨርቁንም ከእንስራዋ ላይ ፈታች። ለአባቴ ግን አልሰጠችም፤ በእጇ እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች።

«ደኅናውን ይዘሽልኝ መጥተሻል?» አለችኝ።

አልያዝኩም አልኳት። መልሳ አሰረችው።