የሰርጉ ዳቦ

እናቴ የሞተችው የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ እዚያው ተቀበረች። በከተማችን በመካነ ሰላም ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ባለሱቁ እንኳ ማስቲካ መርቆ ሲሰጠኝ ደግነቱ መስሎኝ ነበር።

ያሳደገችኝ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ «አጅባር ሰርግ አለብን፤ አንቺ አጥኚ» ብላኝ ሄደች። የለቅሶውን ድንኳን እኔ እንዳላይ እዚያ አጎቴ ደጅ ተክለውታል። በአራተኛው ቀን ዓይኗ አብጦ፣ ድምጿ ተዘግቶ ተመለሰች።

«እልልታው ነው የዘጋኝ» አለች። ዳቦ አወጣችልኝ። «የሰርጉ ነው፤ ብይ።»

በላሁ። ጣፈጠኝ፤ ጨመረችልኝ። የእናቴን የለቅሶ ሰደቃ እንዲያ እያጣጣምኩ፣ ሙሽራዋ ቆንጆ ናት ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ፈተናው ባለቀ በማግሥቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመዶቼ መርዶ ሊነግሩኝ መጡ። ጮኽኩ። እነሱ ግን እንባቸውን አጅባር ጨርሰው ነበር። «አብሽሪ፣ ይበቃል፤ ለቅሶው እኮ አልፏል» አሉኝ። ፈተናውን አለፍኩ። አክስትሽን አመስግኚ ተባልኩ።

ዛሬ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ከአልጋ መነሣት አቃተኝ፤ ፀጉሬን ማበጠር እንኳ ይደክመኛል። ደሴ ያየኝ ሐኪም ድባቴ ነው አለኝ። «እናትሽን በደንብ አልቅሰሽላቸዋል?» ሲለኝ ሳቄ መጣ። በዳቦ ነው የሸኘኋት ብዬ ብነግረው አይገባውም።

አክስቴ ክኒኔን ከሽንኩርቱ ቅርጫት ሥር ደብቃ፣ ለሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው» ትላለች። ወድዳኝ ነው። ያኔም ወድዳኝ ነው። ይህን መውደዷን ግን አምርሬ ጠላሁት።

ትናንት ከሰዓት፣ አምና ከደጎሎ የመጣችው ጎረቤታችን ልትጠይቀኝ መጣች። ከጓዳ እሰማቸዋለሁ።

«ጨጓራዋ እንዴት ሆነላት?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ተሽሏታል።»

ጋቢዬን እንደተከናነብኩ ወጣሁ።

«ጨጓራ አይደለም» አልኩ። «እናቴ ሞታብኝ ነው።»

ሴትዮዋ ደረቷን መታች። «ያ ረቢ! እኔ አፈር ልብላ፣ ሳልሰማ!» ብላ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ለእናቴ ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያ ሰው እሷ ናት። እኔም አጠገቧ ልቀመጥ ስል አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይ፣ አታልቅሺ» አለቻት። «ትኩሳቱ ነው የሚያስቀባጥራት።»

ጎረቤታችን እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «ውይ፣ አስደነገጠችኝ!» ብላ ሳቀች።