አምበሏ ያልተሰለፈችበት ጨዋታ

አሰልጣኙ የኮሌጁን የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ሲረከቡ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር። ዘንድሮ ፀጉራቸውም ሸብቷል፣ ጉልበታቸውም አልታዘዝ ብሏል፤ ደረጃ የሚወጡት ግድግዳ ይዘው ነው። ደህና የቀረው ድምፃቸው ነበር፤ እሱም ውድድሩ ገና ሳይሞቅ ሻከረ።

ረጃጅሞቹ ተጫዋቾች አምና ተመርቀው ሄደዋል። የቀሩት አጫጭርና ችኩል ልጆች ናቸው፤ አምበሏ ብቻ፣ በቁመቷ የተነሳ «ሰንበሌጥ» የሚሏት፣ ከሁሉም በላይ ትታያለች። የመጀመሪያዎቹን ጨዋታዎች በላይ በላዩ ተሸነፉ። ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ አሰልጣኙ መስኮቱን ተደግፈው የተኙ ይመስላሉ እንጂ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም።

«ተው፣ ይብቃህ» ትላቸዋለች ባለቤታቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ሙቅ ፎጣ እያደረገች። «እኩዮችህ የልጅ ልጅ ይዘው ይንሸራሸራሉ፤ አንተ የሰው ልጅ ታሯሩጣለህ።»

«ይሄን ዓመት ልጨርስና።»

«ይሄን ዓመት፣ ይሄን ዓመት ስትል እኮ ነው እኔም ያረጀሁት።»

ሳይታሰብ ቡድኑ ነፍስ ዘራ። ሰንበሌጥ ከቅርጫቱ የተመለሰውን ኳስ እየለቀመች ታቀብላለች፤ አጫጭሮቹ እንደ ንፋስ ይበራሉ። ወደሚቀጥለው ዙር ለማለፍ አንድ ጨዋታ ማሸነፍ ብቻ ቀራቸው። በዋዜማው ልምምድ ላይ ግን ሰንበሌጥ ዘላ ስታርፍ ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። በማግስቱ እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ አላት።

«በፋሻ ጥብቅ አድርገው ይሰሩልኝና ልግባ፣ ጋሼ። በሞቴ!»

«አትገቢም።»

«እግሩ የኔ ነው!»

«አውቃለሁ። የኔ ቢሆን አስገባው ነበር።»

ፎጣ ተከናንባ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ልጆቹ ያለ እሷ እስከ መጨረሻው ተናንቀው በአንዲት ቅርጫት ተሸነፉ።

የኮሌጁ ዲን አሰልጣኙን ኮሪደር ላይ አስቆሟቸው። «ምናለ ለትንሽ ደቂቃ እንኳ ቢያስገቧት?»

«ጨዋታ ለከርሞም ይመጣል፤ እግር ግን ለከርሞ አይበቅልም» አሉና አለፉ። አፋቸው እንዲያ ይበል እንጂ ሆዳቸው ቆስሏል። ማሸነፍ እሳቸውም ፈልገው ነበር፤ ምናልባት ከልጅቷም በላይ።

ከሳምንት በኋላ ባዶው አዳራሽ ውስጥ የተበተኑትን ኳሶች ሲሰበስቡ ሰንበሌጥ እያነከሰች ገባች። ጎንበስ ማለት እንዳቃታቸው ስታይ፣ በደህናው እግሯ ኳሶቹን ወደሳቸው ትገፋላቸው ጀመር።

«አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ» አለች።

«ተናደጂ። መብትሽ ነው።»

«በሚመጣው ዓመት እርስዎ ነዎት የሚያሰለጥኑን?»

አሰልጣኙ ኳሱን እንደታቀፉ ቆሙ። ለጥያቄው ሁሌ የሚሰጡት መልስ ነበራቸው፤ ዛሬ ግን ተዉት።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «ደክሞኛል።»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምታ አታውቅም። አግዳሚ ወንበሩን ጎትታ አመጣችላቸው፤ ቀስ ብለው ተቀመጡ። እሷም አጠገባቸው ተቀምጣ ሁለቱም የታመመ እግራቸውን ዘረጉ፤ ለመነሳት የቸኮለ አልነበረም።