የተዘቀዘቀው ጀሪካን

«አልቆምም አልኩህ! ጆሮ የለህም?» ሹፌሩ በመስታወቱ ውስጥ አፈጠጠብኝ።

«ጨቅላ ይዘዋል እኮ። አይተሃቸዋል።»

«አይቻለሁ። ቅርንጫፉንም አይቻለሁ።»

ከቆቦ ወደ ዋጃ እየሄድን ነበር፤ እኩለ ቀን ነው፣ ሚኒባሱ ጢም ብሏል። ገና አሁን አንድ የቆመ አሮጌ ፒካፕ አልፈን መጥተናል፤ ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎት ይትጎለጎልበታል። ባለቤቱ እንደ ደንቡ የግራር ቅርንጫፍ ቆርጦ ከኋላው አስፋልቱ ላይ አንጥፏል፤ መኪና ተበላሽቷል፣ ቀስ በሉ ማለት ነው። ቢጫ ጀሪካኑን አፉን ወደ መሬት ዘቅዝቆ ከፍ አድርጎ ያሳየናል። ውሃ የለኝም ማለቱ ነው፤ በእኛ ቆላ ይህን የማያውቅ ሹፌር የለም። ሚስቱ ልጇን በነጠላ ጋርዳ የመኪናው ጥላ ሥር ተቀምጣለች። በዚያ ሰዓት ጥላው ክንድ አይሞላም። ቅርንጫፉን ለመዞር ቀስ ስንል ሰውየው የቆምንለት መስሎት ወደ እኛ ሮጠ። ሹፌራችን ነዳጁን ረገጠው።

ከሹፌሩም በላይ ያበሸቀኝ ተሳፋሪው ነው። ሁሉም አንገቱን አዙሮ አየ፤ አንዱማ በስልኩ ቀረጸ። ከዚያ ሁሉም ፊቱን መለሰ።

«ጓደኛዬ እንዲህ ለተነጠፈ ቅርንጫፍ ቆሞ መኪናውን ተነጥቋል» አለ ሹፌሩ። «አንተ ምን ታውቃለህ?»

«ሽፍታ ጨቅላ ታቅፎ ይመጣል?»

«እንግዲያው ግጥምህን ራዲያተሩ ውስጥ ጨምርለት!»

ሚኒባሱ በሳቅ ተናጋ። ከሳቁት ግማሾቹ በየሰርጋቸው ስለ ራያ ደግነት የጻፍኩትን ግጥም እንዳነብላቸው የሚለምኑኝ ናቸው። እንግዳ ተቀባይነታቸውን የሚያወድሰው ስንኝ ላይ ስደርስ ጭብጨባው ዳሱን ያነቃንቀዋል።

«ያንን ግጥም ሁለተኛ አላነብላችሁም!» ብዬ ጮኽኩ። «ውሸት ነው! ወራጅ አለ!»

«እዚህ?» አለ ረዳቱ።

«እዚሁ!»

ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። «ውረድ። ተመልሼ የምወስድህ እንዳይመስልህ።»

ከወንበሩ ኋላ ያስቀመጠውን ውሃ የሞላ ጀሪካን ስጠኝ አልኩት።

«የእኔ ሞተር ቢፈላስ?»

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጀሪካኑን በከዘራቸው ጎትተው ወደ እኔ አመጡት።

«ውሰድ ልጄ። ዋጃ ቅርብ ነው፤ ከእሱ ጋር እኔ እጨቃጨቃለሁ።»

«ሐጂ፣ እርስዎም?» አለ ሹፌሩ።

«ንዳ እንጂ! ወላሂ፣ እንዲህ ከፈራህ ምን ቆመህ ታወራለህ?»

አሁን የሳቀ የለም። በሰው ጉልበት መሃል እየተሽሎከለኩ ጀሪካኑን ይዤ ወረድኩ። የሚከተለኝ እንዳለ ዞር ብዬ አየሁ፤ ማንም ከመቀመጫው አልተነሳም። ረዳቱ ዓይኔን ሳያይ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው።