አዴ ዱርሲቱ ያላስነኩት እርሻ

የሰበታዋ ጠላ ጠማቂ አዴ ዱርሲቱ የገብስ ማሳቸውን የተቀሙት ለወባ ሕሙማን ተብሎ ነው። ማን አፍ አለው? ልማታዊው ባለሀብት ኦቦ መገርሳ አርቴሚዥያ የሚባል መራራ ቅጠል ዘርቶ ለወባ መድኃኒት ፋብሪካ ወደ ውጭ ሊልክ ነበር። አዴ ዱርሲቱ አቤት ቢሉ፣ «ሃርሜ፣ እናቴ፣ በእርስዎ ጠላ ወባ አይድንም!» ብሎ ስብሰባውን አሳቀባቸው። ካድሬው ሁሉ ጥርሱን አሳየ። እሳቸው አልረሱም።

ኋላ ጌሾ ሊገዙ ሲሄዱ ባለሱቁ ከድሩ ወሬ አቆያቸው።

«አዴ፣ ፈረንጆች የቅጠሉን ባሕርይ እርሾ ውስጥ አስገቡት አሉ። እርሾው በርሜል ውስጥ ስኳር እየበላ የመድኃኒቱን መነሻ ይሠራል። የመገርሳ ገዢም ቅጠልህን አልፈልግም ብሎታል።»

«እርሾ? ይሄ የኔው እርሾ?»

«ዘመዱ ነው፤ የተማረው።»

እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

በ2008 የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሲፋፋም ወጣቶች ችቦ ይዘው ወደ እርሻው ጎረፉ። በሩ ወለል ብሏል፤ ዘበኞቹ ፈቃድ ወጥተዋል፤ ደረቁ ቅጠል መጋዘኑን ሞልቶታል። በሩ ላይ ግን አዴ ዱርሲቱ በትር ይዘው ቆመዋል።

«ዞር በሉ ሃርሜ! የቀማዎትን እናንድድልዎት!» አለ የጎረቤታቸው ልጅ ኡርጂ።

«አንተ ደደብ! መገርሳ በሩን ለማን የከፈተው ይመስልሃል? ገዢ ያጣ ቅጠል ነው። ካቃጠላችሁለት ፀረ ሰላም ኃይሎች አወደሙብኝ ብሎ በቴሌቪዥን ያለቅሳል፤ በካሳ ስም የሌላ ድሃ ማሳ ይሰጡታል። እኔ አመድ ምን ያደርግልኛል? በቁሙ ሲበሰብስ ልየው!»

ልጆቹ ተያዩ። ችቦው ጠፋ።

በማግስቱ መገርሳ ፊቱን ለለቅሶ አሰናድቶ ከች አለ። እርሻው እንዳለ ነው።

«ማን አስጣለው?»

«እኔ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አትለኝም?»

አላላቸውም። ቅጠሉ ሻገተ፤ መሬቱ ጦም አደረ ተብሎ ውሉ ተሰረዘ። የቢሮው ዕቃ መኪና ላይ ሲጫን አዴ ዱርሲቱ መንገድ ዳር ቆመው ያዝዙ ነበር፦ «ቀስ በሉ፣ ወንበሩ እንዳይሰበር! ኦቦ መገርሳ ከእንግዲህ ሥራቸው መቀመጥ ነው።»

ማሳውን መለሱላቸው? አታስቁኝ። የሚመልስ አላዩም፤ ጥማዳቸውን አስገብተው ማረስ ጀመሩ። የቀበሌው ካድሬ እየሮጠ መጣ።

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ና፣ በሬዎቹን አስወጣ።»

ካድሬው ዞር ሲል ኡርጂና ጓደኞቹ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል። ስልክ እንደተደወለለት ሰው ኪሱን ዳበሰና ሄደ።