ፊቴን ያላየ መልስ

ሳትጠመቅ የሞተች ልጄ ድናለች ወይ? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልችልም። ብዙ አንብቤበታለሁ፤ ብዙም ጠይቄበታለሁ።

የወለድኋት ቢቸና አጠገብ በባሌ ቤት ሳለሁ ነው፤ መንግሥት በተለወጠ ማግሥት። ራሴም ገና ልጅ ነበርሁ። በእኛ ዘንድ ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። በዚያ ዓመት ትክትክ ሰፈራችን ገባ። የጎረቤታችን ወንድ ልጅና የእኔዋ በአንድ ሰሞን እንደ ተወለዱ በአንድ ሰሞን ሞቱ። እሱ አርባው አልፎ ስለነበር ፍትሐት ተደርጎለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀበረ። የእኔዋ ሰማንያዋ አልደረሰምና ከቅጥሩ ውጭ ተቀበረች። ለክርስትናዋ ድግስ የተሰጣው ብቅል ገና ቁርበቱ ላይ ነበር። አማቴ ሰበሰቡት። የታመመ ሕፃን ቀኑ ሳይሞላ ሊጠመቅ እንደሚችል ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ማንበብ ስችል ነው። ያን ጊዜ የነገረን ሰው የለም፤ የሚያውቅ ሰው በአጠገባችን ስለ መኖሩም እርግጠኛ አይደለሁም።

ትዳሩ ብዙ አልቆየም። ፊደል የቆጠርሁት ከተፋታሁ በኋላ ነው፤ ቢቸና ከተማ ሰው ቤት እየሠራሁ፣ በማታ ትምህርት። ዘግይቶ የተማረ ሰው ነገር እንዲድበሰበስበት አይወድም፤ እኔ ቢያንስ እንደዚያ ነኝ። ማንበብ በቻልሁ ጊዜ ያችኑ ጥያቄ ይዤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። የተቀበረችበትን ቦታ ያውቁታል። ቀና ብለው አዩኝና፣

"የእግዚአብሔር ምሕረት ብዙ ነው፣ ልጄ። አታልቅሺ" አሉኝ።

አላለቀስሁም ነበር። መስቀል ተሳልሜ ስወጣ፣ አባ የመለሱት ለጥያቄዬ ሳይሆን ለፊቴ እንደሆነ ገባኝ። አልተቀየምኋቸውም። ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ስጠይቅ እናትነቴን ደብቄ ለመጠየቅ ቆረጥሁ።

ሞጣ የመጣሁት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኜ ነው፤ ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። በተከራየሁበት ግቢ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ገብተው ነበር። አንዷ ከወለጋ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ጴንጤ መሆኗን አልደበቀችም፤ የሰፈሩም ሰው አልረሳላትም። ሌላው የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር የአዲስ አበባ ልጅ ነበር፤ ኢንጂነር እንለዋለን። እሱ ደግሞ ሞርሞን ነኝ አለን። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተን አናውቅም፤ አሜሪካ የተነሣ የክርስትና ወገን ነው ብሎ አስረዳን። አከራያችን በሩ ላይ ሻይና ዳቦ የሚሸጡ ሴት ናቸው፤ አስተማሪ ባልሆንም መምህርት ይሉኛል።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሲስተር ጋዋኗን ታጥባለች፣ ኢንጂነር የቦት ጫማውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል፣ እኔ ደፍ ላይ ተቀምጬ አነባለሁ። አከራያችን ሻይ ይዘው መጡ።

"እኔ ሙቅ ውኃ ይበቃኛል፣ እትዬ" አለ ኢንጂነር።

"ሻይም ክልክል ነው?"

"ሻይም ቡናም አንጠጣም።"

"ሲስተር ጠላ አትቀምስም፣ አንተ ሻይ አትጠጣም፣ መምህርት በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት አፏን አትከፍትም። እናንተ ባላችሁበት ግቢ ነጋዴ መሆኔ ራሱ ኃጢአት ነው።"

ሲስተር ሳቀች። "እትዬ፣ በሻይ የሚጸድቅም የሚኮነንም የለም። መዳን በጸጋ ነው። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ጨርሶታል፤ እኛ ማመን ብቻ ነው።"

"እኛም በክርስቶስ ነው የምንድነው" አለ ኢንጂነር። "እሱ ስለ ተነሣ ጻድቁም ኃጥኡም ይነሣል፤ ያ ለሁሉም በነፃ የተሰጠ ነው። ክብሩ ግን ይለያያል፤ አንዱ እንደ ፀሐይ፣ አንዱ እንደ ጨረቃ፣ አንዱ እንደ ኮከብ። ከላይኛው ለመድረስ ማመን፣ ንስሐ መግባት፣ መጠመቅ፣ ትእዛዝ መጠበቅም ያስፈልጋል።"

"እንግዲያው መስቀሉ አልበቃም ማለትህ ነው።"

"በቅቷል። በሩን ከፍቶልሻል። ካልገባሽ ግን ውጭ ነሽ።"

"እኔ በእግሬ አልገባሁም። ተሸክሞ ነው ያስገባኝ።"

"እኔንስ ማን ይሸከመኝ፣ በዚህ ወገቤ" አሉ አከራያችን፤ ብርጭቆዎቹን ሰብስበው ሄዱ።

እያነበብሁ እያስመሰልሁ አዳምጣለሁ። ጥምቀትና ምግባር ያስፈልጋል ሲል ኢንጂነሩ ለእኛ ቤተ ክርስቲያን የቀረበ መሰለኝ። ደግሞ አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ በባሕርይ አንድ ያልሆኑ ሦስት ናቸው ያለን ትዝ ሲለኝ ከሲስተርም ይልቅ ራቀብኝ። እሷ ሥላሴን እንደ እኛ ታምናለች፤ ጥምቀት ግን ለእሷ ምስክርነት እንጂ የመዳን በር አይደለም። ይህን ሁሉ በልቤ እያሰለፍሁ ሳለ አፌ ቀደመኝ።

"አንድ ነገር መጽሐፍ ላይ አግኝቼ ነበር። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ይድናል ወይ?"

"ጥምቀት አያድንም አልሁሽ እኮ" አለች ሲስተር። "የሚያድነው እምነት ነው።"

"ሕፃን ያምናል?"

ጋዋኑን መጭመቋን ተወች። "አያምንም" አለች። "ጸጋው ይደርሰዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በግልጽ ተጽፎ ግን አላየሁም። አላውቅም።"

ኢንጂነሩ ቶሎ መለሰ። "ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ ጥምቀትም አያስፈልገውም። ሳይጠመቅ ለሞተ ትልቅ ሰው ሕያው ሰው ይጠመቅለታል፤ ለሕፃን ያም አያስፈልግም። ድኗል። እናቱም በትንሣኤ ጊዜ ተቀብላ ታሳድገዋለች።"

"ይሄ ደግሞ የት ተጻፈ?" አለች ሲስተር።

"እኛ እንደዚህ ተምረናል።"

"ደስ የሚል ነገር ሁሉ እውነት አይሆንም፣ ኢንጂነር።"

መጽሐፌን ዘግቼ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ተቀብላ ታሳድገዋለች ያለው ቃል ጡቴ ድረስ ተሰማኝ፤ ወተቱ እንደገና የመጣ ያህል። እምነቱን አላምንበትም፤ በዚያ ሌሊት ግን ልጄን ሳሳድጋት አደርሁ። በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ መጽሐፍ እየደረደርሁ የማስበው የሲስተርን "አላውቅም" ነበር። ያጠገበኝ የእሱ መልስ ነው። የተማመንሁበት የእሷ ነው።

ጉድጓዱ ውኃ አወጣና ኢንጂነር ወደ ሌላ አገር ሄደ። ሲስተር ቆየች፤ እኔም ዝም እንዳልሁ ቆየሁ። በመጨረሻ እሷም ወደ ወለጋ ዝውውር አገኘች። መነኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። ፍራሿን የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ላይ እየጫኑላት ሳለ፣

"ያ መጽሐፍ ላይ ያገኘሽው የሕፃን ጥያቄ" አለችኝ፣ "ዛሬም አልለቀቀኝም።"

"መጽሐፍ ላይ አይደለም ያገኘሁት። የእኔ ልጅ ናት።"

ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርሽ አላውቅም አትዪኝም ነበር።"

ረዳቱ "አንድ ሰው ነው የቀረን፣ ሲስተር፣ ግቢ እንጂ" እያለ በሩን ይመታል። ዓይኗ በእንባ ተሞልቶ ነበር፤ ስለዚህ የምትለውን ፈራሁት።

"አሁንም አላውቅም" አለችኝ።

ከዚያ ፍራሹን እንዲያወርዱላት ነገረቻቸው። ረዳቱ እያጉረመረመ አወረደው። ግድግዳው ሥር ዘርግታው ተቀመጠችና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።

"በይ፣ ማንን ትመስል ነበር?"

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ ነገርኋት።