ለእንጉዳይ ያዋስሁት ጫማ

ባለፈው ሳምንት መታወቂያዬን ለማሳደስ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ወረፋ የምንጠብቀው በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ነው፤ አንድ ሰው ሲገባ ሁላችንም ብድግ ሳንል ወደሚቀጥለው ወንበር እንንሸራተታለን። ጉልበቴ እንደ ድሮው ስላልሆነ መንሸራተቱ ተስማምቶኛል። የካቲት ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንኳ ደርቋል። ከጎኔ ፀጉራም ጃኬት የለበሰች ወጣት ተቀምጣለች። ተራዋ ደርሶ የብረቱን በር ስትነካ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማና እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ ዘለለች።

«ሰሞኑን ምን እንደለከፈኝ እንጃ» አለች። ጠዋት ባጃጅ ስትሳፈር፣ ትናንት ደግሞ ታናሽ ወንድሟን ስትስም እንዲሁ ነዝሯት እንደነበር ለወረፋው ሁሉ ነገረች። ከወዲያ ያሉ አንዲት ሴትዮ ጠበል ብትሄድ እንደሚሻላት መከሯት። ቀልዳቸውን ይሁን የምራቸውን አላወቅሁም።

እኔ ግን አፌን መያዝ አልቻልሁም። ጃኬቷ ከፕላስቲኩ ወንበር ጋር ሲፋተግ እንደቆየ፣ የጫማዋ ሶል ኮረንቲውን ወደ መሬት እንደማያሳልፍ፣ በበጋ ቆዳ ሲደርቅ ደግሞ ነገሩ እንደሚብስ አንድ በአንድ አስረዳኋት። ብረት ከመንካቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ እንድትነካም ነገርኋት። ነካች፤ ከዚያ በሩን ያዘች፤ ምንም የለም። ሰዉ ሳቀ። «መምህርት ነበሩ እንዴ እማማ?» ብለው ጠየቁኝ። ሹራብ ሠራተኛ ነበርሁ አልኋቸው። ልጅቱ አመስግናኝ ገባች፤ እኔን ግን ያ ሁሉ ንግግር ደስ ከማሰኘት ይልቅ አደከመኝ። ይህንኑ ነገር መናገር የነበረብኝ ዛሬ አልነበረም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከይፋግ መጥቼ ባሕር ዳር ውስጥ የተማሪ ሹራብ በሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት ተቀጥሬ ነበር። ዛሬ ድርጅቱም የለም፣ ባለቤቱም አልፈዋል፤ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። አንድ ክፍል ተከራይተን አብራኝ የምትኖረው የሥራ ባልደረባዬ እንጉዳይ ትባላለች፤ የመራዊ ልጅ ናት። እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ ያሳደገቻት አክስቷ ወይዘሮ ትሁን ናት። የአክስትየዋ ቤት ከዓባይ ድልድይ ማዶ ስለሆነ፣ ሥራው እንዲቀርባት ብላ ነው እንጉዳይ ከእኔ ጋር የተከራየችው። አብረን እንበላለን፣ አብረን እንተኛለን፤ እሷ የዳጉሳ እንጀራ ስትወድ እኔ አልወድም፣ ያጣላን ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

እኔ ማሽን ላይ ነበርሁ። እንጉዳይ ያለቀውን ሹራብ አጥፋ በላስቲክ ከረጢት ታሽጋለች። ጠረጴዛውም ወለሉም ፕላስቲክ የተነጠፈበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሹራብ በፕላስቲክ ላይ ስትጎትት ትውላለች። ባለቤቱ ነጩ ሹራብ እንዳይቆሽሽ ብለው አጣፊዎቹ ቅባት እንዳይነኩ ከልክለው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ቫዝሊን በድብቅ ይቀባሉ። እንጉዳይ የተባለችውን የምታደርግ ሰው ስለነበረች እጇን በሳሙና ታጥባ፣ አድርቃ፣ እንዲሁ ትሠራለች። በጥርና በየካቲት ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ይደርቃሉ። እሷን ደግሞ የነካ ሁሉ ይነዘራል። የሻይ ብርጭቆ ስትቀበል ማንኪያው ይነዝራታል፤ የማሽን ብረት ስትነካም እንደዚያው። ልጆቹ «ኮረንቲዋ መጣች» እያሉ ያሾፉባታል። ያኔ እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

ማሽኖቻችንን የሚጠግኑት ጋሼ በላቸው የሚባሉ አዛውንት ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በክር ፋብሪካዎች ያሳለፉ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ዳቦ በሻይ ስንበላ የእንጉዳይን ነገር አንሥቼ በሳቅ አወራኋቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«ስሚ አለሜ፣ ይሄ ተራ ነገር ነው። ሱፍና ፕላስቲክ ሲፋተጉ ኮረንቲ ሰው ላይ ይጠራቀማል። እጁ የወዛ፣ እግሩ መሬት የነካ ሰው ሳያውቀው ይለቀዋል። የእሷ እጅ ደረቅ፣ ጫማዋ ላስቲክ። መውጫ አጥቶ ይቆይና ብረት ስትነካ ዘሎ ይወጣል። አስቀድማ መሬት ወይም ግድግዳ ትንካ። ንገሪያት።»

እሺ አልሁ። ማታ ቤት ስገባ ግን እንጉዳይ የራሷን ወሬ ይዛ ጠበቀችኝ። ዲያቆን ይበልጣል ሽማግሌ ሊልክ ነው። ይበልጣል ከሥራ ቦታችን ጀርባ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር፣ ቀጭን፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ ነበር። ለወራት ከሥራ ስትወጣ እየጠበቀ በዘንባባዎቹ ሥር እስከ ሐይቁ ድረስ ይሸኛታል፤ ከዚያ የተጠበሰ ዓሣ ገዝተው ይበላሉ፣ እኔም ሦስተኛ ሆኜ እበላለሁ። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት። አባቱ ቄስ መንግሥቱ ሐይቁ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ካህን ስለነበሩ፣ የልጃቸውን ሚስት አጥርተው ማየት ነበረባቸው። የካህን ሚስት ክፉ ስም ካላት ባሏ መቅደስ እንዴት ይገባል? እንጉዳይ ይህን ታውቃለች፤ ደስታዋም ፍርሃቷም ከዚያ ነበር። ያን ምሽት የጋሼ በላቸው ነገር ከነጭራሹ ጠፋኝ። ለዚህኛው መርሳት ራሴን ይቅር ብያለሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ነው። ወይዘሮ ትሁን ያላትን ሁሉ አውጥታ ተሰናድታለች። ቤቱ በእበት የተለቀለቀ የአፈር ወለል ነበረው፤ የካህን እግር አይረግጠውም ብላ አዲስ የፕላስቲክ ምንጣፍ ከዳር እስከ ዳር አነጠፈችበት። ወንበሮቹን ናይለን አለበሰቻቸው። እንጉዳይ ደህና ጫማ ስላልነበራት የእኔን አዋስኋት፤ ወፍራም የስፖንጅ ሶል ያለው፣ ለበዓል ብቻ የማወጣው ጥቁር ጫማ ነው። ቀሚሱም ናይለን ነበር። ሁላችንም ለክብሯ ስንል ያደረግነው ነው። በዚያ በእበት ወለል ላይ በባዶ እግሯ ብትቆም ኖሮ ምንም ባልተፈጠረ።

ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን ከተናገሩ በኋላ ቄስ መንግሥቱ ልጅቱ ትምጣና ትባረክ አሉ። እንጉዳይ ከጓዳ ወጣች። ከእፍረቷ የተነሣ እግሯን ሳታነሣ ምንጣፉን እየጠረገች ነው የሄደችው። ቄሱ የነሐስ መስቀላቸውን ዘረጉ፤ ጎንበስ አለች። ከመስቀሉ ጫፍ ወደ ከንፈሯ ብልጭ ያለ ነገር ዘለለ፣ ድምፁም ተሰማ። እንጉዳይ ጮኻ ከመስቀሉ ሸሸች።

እኔ የጠላ ጣሳ ይዤ የጓዳው በር ላይ ቆሜ ነበር። የጋሼ በላቸው ቃል ያኔ መጣልኝ፣ ሙሉው። አልተናገርሁም። ሽማግሌ ባለበት ልጃገረድ አትናገርም፤ ደግሞስ ማን ነሽ ብለው ነው የሚሰሙኝ? እናቴ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር፤ እኔም ያደግሁት በዚያ ነው። ቄሱ አልተቆጡም። መስቀሉን ወደ ጉያቸው መለሱና ልጅቱ ሁለት ሱባኤ ጠበል ትጠመቅ፣ ከዚያ እንመለሳለን ብለው ተነሡ። ዶሮው ሳይነካ ቀረ።

ጠበሉ ዘንድ ሄጄ ጠየቅኋት። ጠዋት ነበር፤ ነጠላዋን ለብሳ፣ ከራሷ እስከ እግሯ ርሳ፣ በባዶ እግሯ ጭቃ ላይ ቆማለች። አጥማቂው መስቀሉን ግንባሯ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ፣ ከንፈሯ ላይ ያደርጋል፤ ምንም የለም። የረጠበና መሬት የረገጠ ሰው እንደማይነዘር እኔ አውቃለሁ። እዚያ የነበሩት ሁሉ ግን ሲለቃት አዩ። ልነግራት ብዬ ነበር የሄድሁት። እሷ ቀድማ «የለቀቀኝ ይመስለኛል አለሜ» አለችኝ፤ ፊቷ ላይ የነበረውን ዕረፍት ምን ብዬ ላበላሸው? ከዳነች በምንም ትዳን አልሁና የያዝሁትን ብርቱካን ሰጥቻት ተመለስሁ።

ቄሱ ሁለተኛ የመጡት ዐቢይ ጾም ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ወይዘሮ ትሁን ያንኑ ምንጣፍ ወልውላ ጠበቀች። ጓዳ ስገባ እንጉዳይ ያንኑ ቀሚስ ለብሳ፣ ያንኑ ጫማዬን አድርጋ ተቀምጣለች። እግሯን አየሁ። አውልቂው ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

«ጫማው አልጠበበሽም?» አልኋት።

«ልኬ ነው» አለችኝ።

ሌላ ቃል አልጨመርሁም። ለምን እንደሆነ ዕድሜ ልኬን አስቤበታለሁ። ያኔ ከተናገርሁ፣ ለምን በመጀመሪያው ቀን ዝም አልሽ ልባል ነው። ጠበሉን ያቃለልሁ እንዳይመስልም ፈራሁ። ደግሞ አንዳንድ ቀን ክፉው ሐሳብ ይመጣብኛል፤ ካገባች ያቺ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ልቀር ነበር። የትኛው እንደሆነ አላውቀውም። ምናልባት ሁሉም ይሆናል።

ወጣች፤ ጎንበስ አለች፤ ደግሞም ነዘራት። በዚህኛው ጊዜ አልጮኸችም። ባለችበት ቆማ ዕንባዋ ወረደ። ቄስ መንግሥቱ ድካም በተጫነው ድምፅ ለወይዘሮ ትሁን እንዲህ አሏት።

«እኔ በልጅቱ አልፈርድባትም። ግን ልጄ ነገ ይህን መስቀል ይጨብጣል። መስቀል የሚገፋት ሴት እንዴት አብራው ትኑር?»

በቃ፣ በዚያው አለቀ። ይበልጣል ክፉ ሰው አልነበረም፤ የአባቱ ልጅ ነበር እንጂ። በዓመቱ ሌላ አግብቶ ቀሰሰ። ሹራብ ቤት ልጆቹ ማሾፋቸውን ተዉ፤ ከእሷ እጅ ሻይ መቀበላቸውንም ተዉ። ፋሲካ ሲያልፍ እንጉዳይ መራዊ ወዳለው ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ጫማዬን ጠርጋ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ አልጋዬ ሥር አስቀምጣልኝ ነበር። ከዚያ ወዲያ አላደረግሁትም።

ያገኘኋት አሥራ ስምንት ዓመት ቆይቶ ነው። ወደ ዳንግላ ስሄድ አውቶቡሱ መራዊ ላይ ቆመ፤ ሸንኮራና ማንጎ ይዘው ከሚሯሯጡት መካከል አንዲት ሴት «አለሜ!» ብላ ስሜን ጠራችኝ። ጠቁራለች፣ ወፍራለች። ዘልዬ ወረድሁ። ልስማት ስል በእጇ ቆይ አለችኝና ጎንበስ ብላ መሬቱን ነካች። ከዚያ አቅፋ ሳመችኝ።

በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት ገበሬ አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ዘግይታ ነው ያገባችው፤ ማን ይወስደኛል ብላ ነበር። መሬቱን ለምን እንደነካች ሳልጠይቃት እሷው ነገረችኝ።

«ኮረንቲ እኮ ነው አለሜ። ልጄ ትምህርት ቤት ተምሮ አስረዳኝ። ከሹራቡና ከላስቲኩ ነው ያመጣሁት። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ሰይጣን አለብኝ ብዬ ነው የኖርሁት፤ መስቀል ስሳለም አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር» አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ ጨመረችበት። «ለካ የሚያውቅ ሰው አጥተን ነው።»

ዓይኗን ማየት አቃተኝ። «አዎ፣ የሚያውቅ ሰው አጥተን ነው» አልኋት።

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። በመስኮት አምስት ማንጎ አቀበለችኝ፣ አትከፍይም ብላ ማለችብኝ። እስከ ዳንግላ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድሁ።

አሁን ለማንም እናገራለሁ። ቀበሌ ወረፋ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፤ አንድ ሰው ነዘረኝ ካለ ሳልጠየቅ እጀምራለሁ። የልጅ ልጆቼ «አያቴ ደግሞ ኮረንቲዋን ጀመረች» ይሉኛል። የእናቴ ተረት ለሌላው ሠርቶ ይሆናል፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል።

እንጉዳይ አሁን ስልክ አላት። በየበዓሉ ትደውላለች፣ ወይ እኔ እደውላለሁ። ጋሼ በላቸው የነገሩኝ ከሽማግሌዎቹ በፊት እንደነበር እነግራታለሁ ብዬ ስልኩን አነሣለሁ። ስለ ልጆቿ ታወራኛለች፣ ስለ ሽንኩርቱ ታወራኛለች፣ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች። በመጨረሻ ሁልጊዜ «ሌላስ አለሜ?» ትለኛለች።

«ደህና ነኝ» እላታለሁ። «ሌላ ምንም የለም።»